ሬቭ ማች፣ ማርሽ ሲቀነስ ራሱ ነዳጅ የሚሰጥ ማኑዋል፦ የትኛው መኪና አውቆበታል?

ሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር ኤፍኬ8 በአራተኛ ማርሽ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው እንበል። ጎማው 245/30 ባለ 20 ኢንች ስለሆነ ዙሪያው 2.06 ሜትር ገደማ ነው፤ በደቂቃ 810 ጊዜ ያህል ይዞራል። የዲፈረንሻሉ ሬሾ (የዙር ምጣኔ) 4.111፣ የአራተኛው ማርሽ 1.125 ነው። ሦስቱን ስናባዛ ሞተሩ በደቂቃ 3,750 ዙር አካባቢ ላይ መሆኑን እናገኛለን። የሦስተኛው ማርሽ ሬሾ 1.529 ነውና በዚያው ፍጥነት ሞተሩን 5,090 ዙር ላይ ይፈልገዋል። የ1,340 ዙር ክፍተት አለ። ሹፌሩ ፍሪሲዮን ረግጦ እግሩን ከነዳጅ ሲያነሳ ደግሞ የሞተሩ ዙር ወደ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው ወደሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) መውረድ ስለሚጀምር ክፍተቱ ይብስ ይሰፋል። ሦስተኛን አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ የጎደለውን የሚሞላው ጎማው ነው፤ ሞተሩን በግድ እየጎተተ። መኪናው ተንገጫግጮ የተሳፋሪው አንገት ወደ ፊት የሚወረወረው ያኔ ነው።

መንገዱ ደረቅ ከሆነና በቀጥታ እየተሄደ ከሆነ ይህ ከማሳፈር አያልፍም። ዝናብ ላይ፣ መታጠፊያ ውስጥ፣ ፍሬን ተይዞ ሳለ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማ በሚሄድ መኪና የኋላ ጎማዎቹ ለቅጽበት ተይዘው ቂጡ ይዞራል፤ ወደ ፊት ጎማ በሚሄደው ደግሞ የፊት ጎማዎቹ መጨበጣቸውን ያጡና መሪው አልታዘዝ ይላል።

መድኃኒቱ ድሮም ይታወቃል። በቀኝ እግር ጣት ፍሬኑን እንደያዙ በተረከዝ ወይም በእግር ጠርዝ ነዳጁን ነካ ማድረግ፣ ዙሩ ሲነሳ ማርሹን ማስገባት፣ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ። ሬቭ ማች የሚባለው ነገር ይህንን የተረከዝ ሥራ ከሹፌሩ ወስዶ ለሞተሩ ኮምፒውተር ይሰጠዋል። ኒሳን ሲንክሮ ሬቭ ማች፣ ሸቭሮሌት አክቲቭ ሬቭ ማች፣ ቶዮታ አይኤምቲ፣ ፖርሽ ኦቶ ብሊፕ፣ ቢኤምደብልዩ ጊር ሺፍት አሲስታንት ይሉታል። ስሙ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

አሠራሩ

ኮምፒውተሩ አራት ነገር ማወቅ አለበት፦ ፍሪሲዮኑ መረገጡን፣ የማርሽ ዘንጉ ወደ የትኛው ማርሽ እያመራ መሆኑን፣ መኪናው በምን ፍጥነት እንደሚሄድ፣ ሞተሩ አሁን ስንት ዙር ላይ እንዳለ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በማንኛውም ዘመናዊ መኪና አሉ። አዲሱ ነገር የማርሽ ቦታ ሴንሰሩ ነው። ተራ ማኑዋል ካምቢዮ ዜሮ ማርሽና የኋላ ማርሽ መግባቱን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ሦስተኛ ይሁን አምስተኛ አይለይም። ሬቭ ማች ያለው ግን ዘንጉ ወደ ሦስተኛ መስመር መሳብ ሲጀምር፣ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይገባ፣ መድረሻውን ያውቃል። ከዚያ እኛ ከላይ የሠራነውን ማባዛት ይሠራና ትሮትሉን (አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን በር) በኤሌክትሪክ ከፍቶ ዙሩን ያነሳል። የነዳጅ ፔዳሉ በገመድ ከሞተሩ ጋር በተያያዘበት ዘመን ይህ አይታሰብም ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሬቭ ማች ሳንክሮናይዘርን (ማርሽ ከመግባቱ በፊት የካምቢዮውን ክፍሎች ፍጥነት የሚያስተካክለውን) ያድናል ሲባል ይሰማል፤ አያድንም። ፍሪሲዮኑ ተረግጦ ሳለ ሞተሩና ካምቢዮው ተለያይተዋል። ሞተሩ 5,000 ዙር ቢጮህ የካምቢዮው ውስጥ ማርሽ ወሬውንም አይሰማም። የካምቢዮውን የመግቢያ ዘንግና የፍሪሲዮን ዲስኩን ወደሚፈለገው ፍጥነት የሚያነሳው ያው ሳንክሮናይዘሩ ነው። ሬቭ ማች የሚያድነው የፍሪሲዮን ዲስኩን፣ ቮላኖውን (ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን ከባድ ክብ ብረት) እና ከዲፈረንሻሉ እስከ ጎማው ያለውን መስመር ነው። ሳንክሮናይዘርን የሚያሳርፈው የድሮ ከባድ መኪና ሹፌሮች ያደርጉት የነበረው ነው፦ ፍሪሲዮን ረግጦ ዜሮ ማርሽ ማድረግ፣ ለቅቆ ነዳጅ መስጠት፣ እንደገና ረግጦ ማስገባት። ስለዚህ ያገለገለ መኪና ሻጭ «ሬቭ ማች ስላለው ካምቢዮው አልተጎዳም» ቢል አይመኑት።

መኪኖቹ

መጀመሪያ ያመጣው ኒሳን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ በሎስ አንጀለስ አውቶ ሾው ቀርቦ የ2009 ሞዴል ሆኖ የተሸጠው 370ዜድ ላይ። ስርዓቱ የሚመጣው ከስፖርት ፓኬጁ ጋር ስለሆነ ሁሉም ማኑዋል 370ዜድ የለውም፤ ያገለገለ የሚገዛ ሰው ከማርሽ ዘንጉ አጠገብ ኤስ የሚል አዝራር መኖሩን ይይ። አዝራሩ ሲጫን ይሠራል፣ ሲጫን ይጠፋል፤ ሜኑ የለ፣ ምርጫ የለ። ከዚህ የተሻለ ማብሪያና ማጥፊያ እስከ ዛሬ ብዙ ኩባንያ አልሠራም። ዙሩን ሲያነሳ ግን ሸካራ ነው፤ 3.7 ሊትሩ ቪ6 ሞተር ረጋ ባለ መንገድ ላይ እንኳ ሳይጠየቅ ይጮሃል። ሌላው የዚህ መኪና የታወቀ ደካማ ጎን ካምቢዮው ውስጥ የተቀመጠው የፍሪሲዮን ሲሊንደር ነው። እሱ ማፍሰስ ሲጀምር ፔዳሉ ወለል ላይ ይቀራል፣ ፍሪሲዮኑም በደንብ አይለያይም። ሬቭ ማቹ ትክክለኛውን ዙር ቢሰጥም ማርሹ እያንገራገረ ይገባል። ለመቀየር ካምቢዮ መውረድ ስላለበት የጉልበት ዋጋው ከዕቃው ይበልጣል።

ኮርቬት ሲ7 የ2014 ሞዴል ሆኖ ሲወጣ ባለ ሰባት ማርሽ ትሬሜክ ካምቢዮ ነበረው። ከመሪው ኋላ ያሉት ሁለት መቅዘፊያዎች (በጣት የሚሳቡ ማንሻዎች) በአውቶማቲኩ ማርሽ መለወጫ ናቸው፤ በማኑዋሉ ደግሞ ሬቭ ማች ማብሪያና ማጥፊያ። እጅ ከመሪ ሳይነሳ፣ ዓይን ከመንገድ ሳይነቀል አንዱን መቅዘፊያ መሳብ ነው። ካማሮ ኤስኤስ እና የካዲላክ ብላክዊንግ መኪኖችም ይህንኑ ወርሰዋል። ከሁሉም ማብሪያዎች ይህን እናስቀድማለን። በሰባት ማርሽ ላይ የሬቭ ማች ጥቅሙ ይጎላል፤ የማርሽ መስመሮቹ ስለሚቀራረቡ ከሰባተኛ ወደ ስድስተኛ ሲወረድ እጅ ስቶ አራተኛ ማስገባት ቀላል ነው። የዳሽቦርዱ የማርሽ ቁጥር ማሳያና የሞተሩ ድምፅ ስህተቱን አስቀድመው ይናገራሉ። ከ2020 ጀምሮ የመጣው ሲ8 ማኑዋል የለውምና ይህን የሚፈልግ ሰው ሲ7ን ይፈልግ።

ኤፍኬ8 በ2017 ወጣ፤ በሆንዳ ስም አሜሪካ ውስጥ በይፋ የተሸጠ የመጀመሪያው ታይፕ አርም እሱ ነው። ሥራውን በተመለከተ ከሁሉም የተሻለ ልኬት ያለው እዚህ ነው ብንል አናፍርም። ዙሩን ሲያነሳ አይዘልም፣ ሲያደርስ አይጎድልም። ቅሬታችን የማጥፊያው ነው፦ ማጥፋት የሚፈልግ ሰው መሃል ባለው ስክሪን የመኪና ቅንብሮች ውስጥ መቆፈር አለበት። መታጠፊያ መካከል ሐሳብ ቢለውጥ ምንም ማድረግ አይችልም። ተከታዩ ኤፍኤል5 ግማሹን መልሶታል፤ ኢንዲቪጅዋል በሚባለው የመንዳት ምርጫ ውስጥ ሬቭ ማችን ለብቻው አጥፍቶ ማስቀመጥ ይቻላል። ቮላኖውም ቀልሏል፤ ዙሩ ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎም ይወርዳል።

ቶዮታ ነገሩን የተመለከተው ከሌላ አቅጣጫ ነው። አይኤምቲ እንደ ኮሮላ ባሉ ተራ መኪኖችም ላይ መጥቷል፤ ጂአር ያሪስ፣ ጂአር ኮሮላ እና ማኑዋሉ ጂአር ሱፕራም አላቸው። ማርሽ ሲጨመርም ይሠራል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በዘመናዊ ሞተር እግር ከነዳጅ ሲነሳ ዙሩ ወዲያው አይወርድም፣ የጭስ ቁጥጥሩ ይዞት ይቆያል። ስለዚህ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ በፍጥነት የለወጠ ሹፌር ፍሪሲዮኑን ሲለቅ መኪናው ወደ ፊት ይገፋዋል። አይኤምቲ ይህንን ያለሰልሳል። ከተማ ውስጥ መጨናነቅ ላይ ለሚነዳ ሰው የቶዮታው ከሁሉም ይጠቅማል። ሩጫ ሜዳ ላይ ግን ሆንዳው ይበልጠዋል።

የሂዩንዳይ አይ30 ኤን ማኑዋል አዝራሩን መሪው ላይ አድርጎታል፤ ለቦታው ሙሉ ነጥብ። የፖርሽ 718 ኬይማን ጂቲ4 ለኦቶ ብሊፕ የራሱ አዝራር አለው፤ ሳስፔንሽኑንም ሆነ የመረጋጊያ ስርዓቱን (መኪናው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረውን) ሳይነካ ይጠፋል ይበራል።

ከሁሉም የተቸገርንበት የኤፍ80 እና ኤፍ82 ትውልድ የቢኤምደብልዩ ኤም3 እና ኤም4 ነው። ሬቭ ማቹን ለማጥፋት የመረጋጊያ ስርዓቱን ጨርሶ ማጥፋት ያስፈልጋል። ራሱ በእግሩ መሥራት የሚፈልግ፣ ማለትም ገና እየተለማመደ ያለ ሰው፣ ከ400 በላይ ፈረስ ጉልበት ባለው መኪና ላይ መረጋጊያውን አጥፍቶ እንዲለማመድ መጠየቅ ማለት ነው። የአወቃቀር ስህተት ነው እንጂ ሌላ ስም የለውም። በጂ80 ትውልድ ለብቻው በሜኑ እንዲጠፋ ተደርጓል።

ማዝዳ ኤምኤክስ-5 እና ቶዮታ ጂአር86 የላቸውም። በእነዚህ ቀላልና ጉልበታቸው መካከለኛ በሆነ መኪኖች እግር ራሱ ቢማር ይሻላል።

አጠቃቀሙ

ሬቭ ማች በርቶ ሳለ የሹፌሩ ሥራ ይቀንሳል እንጂ አያልቅም። ፍሬኑን ይያዙ፤ ቀኝ እግር ከፍሬኑ አይነሳ። ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ይርገጡ። ዘንጉን ሳይጣደፉ፣ በአንድ ትንፋሽ ያስገቡ፤ ዙሩ ሲነሳ ይሰማል። ከዚያ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ይልቀቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ከልማድ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ይለቅቃል። ኮምፒውተሩ ዙሩን የሚይዘው ለአጭር ጊዜ ነው። እግር ከዘገየ ዙሩ መውረድ ይጀምርና መጀመሪያ የፈሩት መንገጫገጭ ይመጣል፤ ሹፌሩም «ይህ ነገር አይሠራም» ይላል።

ሬቭ ማች በርቶ በተረከዝ ነዳጅ መንካትም ጥሩ አይደለም። ሁለት ሹፌር አንድ መሪ እንደመያዝ ነው፤ አንዳንዱ መኪና የሹፌሩን ይቀበላል፣ አንዳንዱ በራሱ ላይ ይደምራል፣ ዙሩም ከሚፈለገው በላይ ይሄዳል። ወይ ያጥፉት ወይ ይተዉለት። በተረከዝ መሥራት የሚመርጥ ሰው ሌላም ነገር ይወቅ፦ ፍሬንና ነዳጅ አብረው ሲረገጡ ነዳጁን የሚቆርጡ መኪኖች አሉ። በእነዚህ ላይ ተረከዙ የቱንም ያህል ቢሰለጥን ሞተሩ አይመልስለትም፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ሲሰጥ ግን ይህ እገዳ አይነካውም።

ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ማውረድን በተመለከተ ሁሉም መኪና ስለማይረዳ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ማየት ይሻላል።

የማይከላከለው

ከሁሉም አደገኛው ሐሳብ «ኮምፒውተሩ ያውቃል፣ ሞተሩን አያስጎዳም» የሚለው ነው። ወደ ኤፍኬ8 ስሌት እንመለስ። የሁለተኛው ማርሽ ሬሾ 2.115 ነው፤ በ100 ኪሎ ሜትር ሞተሩን 7,040 ዙር ላይ ይፈልገዋል። ቀይ መስመሩ 7,000 ነው። አሁን ሹፌሩ በ120 ኪሎ ሜትር ከአምስተኛ ወደ አራተኛ ሊወርድ ፈልጎ እጁ አብዝቶ ወደ ግራ ሄደና ሁለተኛ ገባ እንበል። አራተኛ ቢሆን 4,500 ዙር ይበቃው ነበር፤ ሁለተኛ 8,450 ይጠይቃል። ሞተሩ ላይ ያለው የዙር ገደብ ነዳጅ ይቆርጣል እንጂ ጎማው ሞተሩን ሲያሽከረክረው ማስቆም አይችልም። ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ፣ ካልሆነም ቢዬላው (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ይጎዳል። የሩጫ ሜዳ ሰዎች ገንዘብ የሚያስወጣ ማርሽ የሚሉት ይህንን ነው።

ሬቭ ማች እዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይጠቅማል፤ እሱም ማስጠንቀቂያ መሆን ነው። ዘንጉ ወደ ተሳሳተው ማርሽ ሲሄድ ሞተሩ ከሚጠበቀው በላይ በጣም ይጮሃል። ያን ድምፅ የሰማ ሰው ፍሪሲዮኑን አይልቀቅ፤ ረግጦ እንደያዘ ዘንጉን ወዲያው ወደ ዜሮ ማርሽ ያውጣ። ፍሪሲዮን ተረግጦም ቢሆን ዲስኩ በዚያ ፍጥነት እየተሽከረከረ ስለሆነ እዚያ መቆየት ደግ አይደለም።

ያገለገለ ሲገዛ መፈተሻው

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይሙቅ። ባዶና ሜዳማ መንገድ ላይ በአራተኛ ማርሽ 60 ኪሎ ሜትር ይሂዱ። መጀመሪያ ፍሪሲዮኑን ብቻ ይርገጡ፣ ዘንጉን አይንኩ፤ ዙሩ መውረድ አለበት። አሁን ዘንጉን ወደ ሦስተኛ ይሳቡ፤ ዙሩ ዘንጉ ገብቶ ሳያልቅ መነሳት መጀመር አለበት። በኤፍኬ8 ላይ ወደ 3,050 አካባቢ ይደርሳል። ነዳጅ ሳይነኩ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ይልቀቁ። የዙር ቆጣሪው ቀስት ከለቀቁ በኋላ ወደ ላይ ከዘለለ ኮምፒውተሩ አሳንሶ ሰጥቷል፤ መኪናው ወደ ፊት ከገፋ አብዝቶ ሰጥቷል። ይህንን በየማርሹ ይድገሙ።

ውጤቱ ብዙ ይናገራል። አንዱ ማርሽ ላይ ብቻ የማይሠራ ከሆነ ጥርጣሬው የማርሽ ቦታ ሴንሰሩ ላይ ነው፤ ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው የማርሽ ቁጥር በዚያ ማርሽ ላይ ከጠፋ ወይም ከተሳሳተ ነገሩ ተረጋገጠ። ካምቢዮ ወርዶ የተሠራ መኪና ላይ ሴንሰሩ እንደገና በመመርመሪያ ማሽን ቦታውን እንዲማር ሳይደረግ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ዕቃ ከመቀየር በፊት ያንን ያስደርጉ። በሁሉም ማርሽ የማይሠራ ከሆነ መጀመሪያ አለመጥፋቱን ይዩ (ብዙ ጊዜ መልሱ ይህ ነው)፤ ቀጥሎ የፍሪሲዮን ፔዳሉ ማብሪያ። ቀላል ማረጋገጫ አለው፦ ክሩዝ ኮንትሮል አብርተው ፍሪሲዮን ሲረግጡ ክሩዙ ካልተቋረጠ መኪናው ፔዳሉ መረገጡን አላወቀም ማለት ነው።

በሁሉም ማርሽ በተመሳሳይ መጠን የሚያሳንስ ወይም የሚያበዛ ከሆነ ጎማውን ይለኩ። ፍጥነቱን ከጎማ ሴንሰር በሚያሰላ መኪና ላይ በዙሪያው 3 በመቶ የሚለይ ጎማ ከተገጠመ 5,000 ዙር ላይ 150 ዙር ያህል ይስታል። ካምቢዮው ውስጥ ካለ ዘንግ በቀጥታ በሚያነብ መኪና ግን የጎማው መጠን ምንም አይለውጥም። የቀለለ ቮላኖ የተገጠመለት መኪናም እንዲሁ ያበዛል፤ ኮምፒውተሩ የከበደውን ቮላኖ ለማንሳት የሚሰጠው ነዳጅ ለቀላሉ ስለሚተርፈው። ሻጩ ቮላኖ መቀየሩን ቢክድም ዙሩ ያሳብቅበታል።

ማርሽ ሲገባ የሚንጫጫ ከሆነ ደግሞ ሬቭ ማቹን ይተዉትና የፍሪሲዮኑን ዘይት ይዩ። ከጠቆረ ወይም ከቀነሰ፣ ፔዳሉም ስፖንጅ ከሆነ፣ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለያይም። ዘይቱን መመሪያው በሚያዘው ዓይነት ቀይሮ አየሩን ማስወጣት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ከዚያ በኋላም ከተንጫጫ ሳንክሮናይዘሩ አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋው ላይ ካምቢዮ ማውረጃውን ቀንሰው ይነጋገሩ።